የድብብቆሽ ጌም ያስቸገረው በዕቃው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ የጌም ነገር ሲያነሳ ወሬው ከኳስ አያልፍም። አንቀየምም፤ እዚህ አዳማም ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ጌም ቤት የሚሞላው በኳስ ነው። ግን በነዚሁ ቤቶች ኮምፒውተርና ፕሌይስቴሽን 2 ውስጥ ሌላ ዓይነት ጌም ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል፦ ሜታል ጊር ሶሊድ፣ ቲፍ፣ አይ ጂ አይ፣ ስፕሊንተር ሴል፣ ሂትማን፣ ኮማንዶስ። አድፍጦ፣ ተደብቆ፣ ማንም ሳያይ ገብቶ መውጣት የሚጠይቁት የድሮዎቹ። ልጆቹ አንዴ ይከፍቱትና «ከየት እንዳየኝ አላውቅም፣ ይሄ ጌም ያጭበረብራል» ብለው ወደ ኳሱ ይመለሳሉ። ጌሙ አላጭበረበረም። ተጫዋቹን ያጋለጠው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ፣ የድምፅ ገመዱና ጆይስቲኩ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ችኮላው። ስለዚህ የምናውቀውን እንድታወጡልን እንጠይቃለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከስክሪኑ እንነሳ። የከተማችን ጌም ቤት በሩ ወደ መንገድ የተበረገደ አንድ ክፍል ነው፤ ይዘጋ ቢባል ሙቀቱ አያስቀምጥም። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ገብቶ ስክሪኑ ላይ ይተኛል። ለኳስ ግድ የለም፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው። ቲፍ ወይም ስፕሊንተር ሴል ሲሆን ግን የምስሉ ግማሽ ጥቁር ስለሆነ ተጫዋቹ ምንም አይታየውም፤ የቤቱ ሰው መጥቶ ብራይትነሱን እስከ ጫፍ ይከፍትለታል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ብራይትነሱ ሲከፈት ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል፤ ክፍሉ ይታያል፣ ጥላው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ግን አይታይም። ጠባቂው ደግሞ የእናንተን ቴሌቪዥን አያይም። እሱ የሚያየው ጌሙ በራሱ ሒሳብ ለዚያ ቦታ የመደበውን ብርሃን ነው። ግራጫው ውስጥ የቆመ ተጫዋች የተደበቀ ይመስለዋል፤ ለጠባቂው ግን መብራት ሥር ቆሟል።

አስተካከሉ የሚባለው እንዲህ ሲደረግ ነው። ስክሪኑ ፊቱንም ጀርባውንም ለበሩ አይስጥ፤ በሩ በጎኑ ይሁን። የቴሌቪዥኑን የምስል ምርጫ ከ«ቪቪድ» ወይም ከ«ዳይናሚክ» አውጥታችሁ «ጌም» ላይ፣ እሱ ከሌለ «ስታንዳርድ» ላይ አድርጉት። ዳይናሚክ ኮንትራስት የሚባለውን አጥፉ፤ ምስሉ በጨለመ ቁጥር በራሱ ስለሚያበራና ስለሚያጨልም ዓይን የሚተማመንበት ነገር ያጣል። ከዚያ ጌሙ ውስጥ ገብታችሁ ጋማውን (የጨለማውን ድምቀት የሚያስተካክለውን ምርጫ) የክፍሉ ጥግ ፍጹም ጥቁር እስኪሆን ዝቅ አድርጉ፣ ቀጥሎ አንድ አንድ ደረጃ እያነሳችሁ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት መስመር ብቅ ሲል አቁሙ። ከዚያ በላይ አንድ ደረጃም አትጨምሩ። ይህን የምታደርጉት በምትጫወቱበት ሰዓት ነው፤ የቀኑ ልክ ለማታ አይሆንም። ላፕቶፕ ከሆነ ዓይናችሁ የስክሪኑን መሃል ቀጥ ብሎ እንዲያይ አቁሙት፤ ርካሽ ፓነል ከላይ ወይም ከታች ሲያዩት ጨለማው ይገረጣል።

ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ የድሮዎቹን ጌሞች 4:3 (የድሮ ቴሌቪዥን ቅርፅ) አድርጋችሁ አጫውቱ። ተለጥጦ ሲታይ ርቀት ያሳስታል፣ የሜታል ጊር ራዳርም ይወፍራል። ጎንና ጎኑ ጥቁር ቢቀር ምን አለበት?

ስፕሊንተር ሴል ለብቻው የሚነገርለት ችግር አለው። የ2002ቱና የ2004ቱ «ፓንዶራ ቱሞሮው» በዘመኑ ግራፊክስ ካርድ የሠሩት የጥላ አሠራር በአሁኖቹ ካርዶች ላይ በትክክል አይወጣም። ጌሙ ይከፈታል፣ ሰውየው ይሄዳል፣ ጠባቂው ይሄዳል፤ የመስኮቱ ፍርግርግ ወለሉ ላይ መጣል የነበረበት ጥላ ግን የለም። ተጫዋቹ የማይታየውን ጥላ ፈልጎ ሲዞር ይያዛል። መድኃኒቱ ዲጂቩዱ 2 የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው፤ የድሮውን የግራፊክስ ትእዛዝ ለአዲሱ ካርድ ያስተረጉማል። ፋይሎቹ የሚገለበጡት የጌሙ ማስነሻ ፋይል ካለበት ፎልደር ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ብታስቀምጡት ምንም ለውጥ አታዩም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። የፍሬም ብዛቱንም (በሰከንድ የሚታየውን ምስል) 60 ላይ ገድቡት፤ የዚያ ዘመን ጌሞች ከዚያ በላይ ሲፈጥኑ እንቅስቃሴያቸው የሚዛባ አሉ።

ቲፍ ደግሞ የ1998 ጌም ስለሆነ ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰር ላይ በዋናው ቅጂው ይዘጋል ወይም ይደነዝዛል። በ2012 የወጣው ኒውዳርክ የሚባለው ማሻሻያ ይህን ፈትቶታል። ለአንደኛው ቲፍ ቲፊክስ፣ ለሁለተኛው ቲ2ፊክስ የሚባሉት ጥቅሎች እሱን በውስጣቸው ስለያዙ እነሱን መጫን ይበቃል።

ወደ ድምፁ እንምጣ፤ ይኼኛው ከስክሪኑ ይብሳል፣ ምክንያቱም ማንም ልብ አይለውም። ፕሌይስቴሽን 2 ከቴሌቪዥን የሚገናኘው በሦስት ገመድ ነው፦ ቢጫው ምስል፣ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ። ብዙ ቤት ውስጥ ቀዩ ተበጥሷል ወይም ከመጀመሪያውም አልተሰካም፤ ነጩ ብቻ ከተሰካ ድምፅ ስለሚወጣ «ይሠራል» ተብሎ ይታለፋል። በኳስ ጌም የጎደለ ነገር የለም። በድብብቆሽ ጌም ግን በቀኝ በኩል የሚመጣ ጠባቂ እግሩ አይሰማም ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ባለ አንድ ስፒከር ከሆነም ግራና ቀኙ ይደባለቃል። ባለ ሽፋን ሄድፎን፣ ጆሮን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው፣ ከትልቅ ስፒከር ይሻላል፤ የባጃጁንም ጥሩምባ ይዘጋል። ኮምፒውተር ላይ ሞኖ የሚለው (ግራና ቀኙን የሚያደባልቀው) ምርጫ እንዳልበራ እዩ፣ ሄድፎኑም ግራና ቀኙ ተገልብጦ እንዳልተደረገ።

በቲፍ ድምፅ ማለት ግማሹ ጌም ነው። ምንጣፍ፣ ሣርና አፈር እግርን ይውጣሉ፤ እምነበረድ፣ ንጣፍ ጡብና ብረት ያጋልጣሉ። ብረት ላይ በዝግታ ቢሄዱ እንኳ ይሰማል። ከከፍታ መዝለል ከመሮጥ እኩል አደገኛ ነው። ጠባቂው ሲጠራጠር ብቻውን ያጉረመርማል፣ ሲረጋጋ ያፏጫል ወይም ያንጎራጉራል፤ ይህን የሰማ ተጫዋች በሩን ሳይከፍት ከበስተጀርባው ያለውን ያውቃል። ድምፁን ዘግቶ በስልክ ሙዚቃ እየሰሙ ቲፍ መጫወት ዓይንን በጨርቅ አስሮ መንገድ እንደ መሻገር ነው።

ስለ ጆይስቲክ የምንለው ለገዢዎች ጭምር ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ዋናው ዱዋልሾክ 2 ቁልፎቹ ምን ያህል እንደተጫኑ ይለካሉ። የኮፒዎቹ ብዙዎቹ አይለኩም፤ በትንሹ ቢነኩም እስከ ጥግ እንደተጫኑ ያሳውቃሉ። በሜታል ጊር ሶሊድ 2 እና 3 ይህ ጉድ ያፈላል። ሽጉጥ ያነጣጠራችሁት በካሬው ቁልፍ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ስትለቁት ሳይተኩስ ይወርዳል። በኮፒው ግን በለቀቃችሁ ቁጥር ይተኩሳል። በ3 ላይ ደግሞ ከኋላ የያዛችሁትን ወታደር ክቡን ቁልፍ ለስለስ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ታግቶ ይቆያል፣ አጥብቃችሁ ከተጫናችሁት አንገቱ ይቆረጣል፤ በኮፒ ጆይስቲክ ማገት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ይሞታል። ልጁ «እኔ ልገድለው አልፈለግሁም» ሲል እውነቱን ነው። ጆይስቲክ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ፈትኑት፦ 2ን ክፈቱ፣ መርከቡ ላይ የማደንዘዣውን ሽጉጥ አውጡ፣ አነጣጥሩ፣ ካሬውን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ። ከተኮሰ ለኳስ ይሁን፤ ለዚህ አይሆንም።

አናሎጉ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ) ከተበላ ሳትነኩት ሰውየው ይንሸራተታል፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የነበረውም ይላቀቃል። ለሜታል ጊር 3 ግን አንድ መላ አለ፦ ከጠባቂ ኋላ ድምፅ ሳያሰሙ መቅረብ የሚቻለው በአቅጣጫ ቁልፎቹ ነው። አናሎጉን በትንሹ ብትገፉትም ኮቴው ይሰማል። ይህን የማያውቅ ሰው ሦስት እርምጃ ሲቀረው ጠባቂው ዞሮ ያየዋል።

ኮምፒውተር ላይ የስፕሊንተር ሴል የእርምጃ ፍጥነት የሚቆጣጠረው የማውሱ መንኮራኩር ነው። መንኮራኩሩ ውስጥ አቧራ ከገባ (በአዳማ ነፋስ የማይገባበት የለም) አንድ ጊዜ ወደ ታች ስታዞሩት ወደ ላይም ይዘላል፤ በዝግታ የሚሄደው ሰው በድንገት ይሮጣል። ማውሱን ፍቱት፣ አቧራውን በብሩሽ አውጡ፣ የመንኮራኩሩን ጎን በጥጥና በአልኮል ጥረጉ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70% ውሃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ሳትሰኩ ቆዩ። ርካሽ ኪቦርድ ደግሞ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑት አንዱን ይውጣል፦ ማጎንበስ፣ ወደ ፊት መሄድና ማዘንበል አብረው ሲያስፈልጉ አንዱ ይቀራል። ማጎንበሱን ከማውስ ቁልፍ አንዱ ላይ ብታዞሩት ነገሩ ያልቃል።

መብራት። አይ ጂ አይ፣ የኖርዌዩ ኢነርሉፕ በ2000 ያወጣው፣ 14 ሚሽን አለው፤ ሚሽን መሃል ላይ ሴቭ የለም። መብራት ከጠፋ ከሀ ነው። ስለዚህ አይ ጂ አይን ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ተጫወቱ። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ትንሹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) የሚያቆያችሁ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሚሽን አያስጨርስም፣ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ግን ይበቃል። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ደግሞ የሚያናድደው ሌላ ነው፦ የመጀመሪያውን ሜታል ጊር ሶሊድ፣ የ1998ቱን፣ ፕሌይስቴሽን 2 ያጫውተዋል፣ ነገር ግን በፕሌይስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ ሴቭ አይቀበልም። የፕሌይስቴሽን 1 ካርድ ያስፈልጋል፤ ማስገቢያው ያው ነው። ይህን ሳያውቁ ማታውን ሙሉ ተጫውተው ሴቭ ሲሉ «ካርድ የለም» የሚባሉ አሉ።

እዚያው ጌም ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንድ ቦታ ላይ ሜሪል ከምትባለው ወታደር ጋር በሬዲዮ ተገናኝ ይባላል፣ ቁጥሩ «ከሲዲው ሽፋን ጀርባ ነው» ይላል። የሚለው ጌሙ ውስጥ ያለ ሲዲ ሳይሆን እውነተኛውን የጌሙን ማሸጊያ ነው። የእኛ ሲዲ የተቀዳ፣ ሽፋኑም ነጭ ወረቀት ነው። ቁጥሩ 140.15 ነው፤ ይኸው። ሳይኮ ማንቲስ የሚባለው አእምሮ አንባቢ ላይ ስትደርሱ ጆይስቲኩን ከወደብ 1 ነቅላችሁ 2 ላይ ሰኩ፤ የምትጫኑትን ማንበብ ያቅተዋል። ወደብ 2 የተበላሸበት ማሽን ከሆነ ደጋግማችሁ ከተሸነፋችሁ በኋላ ትእዛዝ የሚሰጣችሁን ኮሎኔል በሬዲዮ ጥሩት፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሐውልቶች እንድትመቱ ይነግራችኋል።

የተቀረው የሜታል ጊር ብልሃት ብዙ አይደለም። ራዳሩ ላይ የጠባቂው ዓይን እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይታያል፤ እሱን ተከተሉ። በረዶ ላይ ዱካችሁን ተከትሎ ይመጣል፣ ኩሬ ላይ ኮቴ ይሰማል፤ ግድግዳ ብታንኳኩ ደግሞ ራሱ ይመጣላችኋል፣ ያኔ በሌላ ወገን ታልፋላችሁ። ቻፍ የሚባለው ቦምብ ካሜራዎቹን ለጥቂት ጊዜ ያሳውራል፣ ራዳራችሁንም ጭምር። ምግቡን (ራሽን) በዕቃ መስኮቱ ላይ መርጣችሁ ከያዛችሁት ጉልበታችሁ ሲያልቅ በራሱ ይበላል፤ ብርድ ቦታ ላይ ግን ይቀዘቅዝና አይበላም፣ ይዛችሁት ስትቆዩ ይፈታል።

በቲፍ የዕቃ ምርጫ የሚሽኑ ግማሽ ነው። ከሚሽን በፊት የሚገዛበት ገንዘብ ካለፈው ሚሽን የሰረቃችሁት ነው፤ ያልወጣው ለሚቀጥለው አይሻገርም። ስለዚህ መቆጠብ ዋጋ የለውም፣ ሁሉንም አውጡት። ቅድሚያ ለውሃ ቀስት፦ ችቦ ያጠፋል። የኤሌክትሪክ መብራት ግን አያጠፋም፤ በሁለተኛው ቲፍ ላይ ሰው የውሃ ቀስቱን በአምፖል ላይ ጨርሶ የሚናደደው ለዚህ ነው፣ እዚያ ማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚፈለገው። ቀጥሎ የሞስ ቀስት (ሙዝ እንዳይመስላችሁ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ነው)፦ ብረትና እምነበረድ ላይ እሱን ዘርግቶ እርምጃን ያለሰልሳል። የገመድ ቀስት እንጨት ላይ ይሰካል፤ ድንጋይ ላይ ብትተኩሱት ይነጥራል። ከስክሪኑ ግርጌ ያለችውን የብርሃን ዕንቁ ከጠባቂው በላይ እዩዋት፤ ሰይፍ ስትመዙ ትበራለች፣ ስለዚህ ሰይፉን ሰገባው ውስጥ ተዉት። ዱላው ይበቃል፦ ጠባቂው ሳይጠረጥር፣ ከኋላ፣ ጭንቅላቱን። ከተጠራጠረ በኋላ ዱላው በአንድ ምት አይጥለውም። የጣላችሁትን ተሸክማችሁ ጨለማ ውስጥ አኑሩ። ኤክስፐርት በሚለው ደረጃ ሰው መግደል ራሱ ሚሽኑን ያፈርሳል።

አይ ጂ አይ ብዙ ሰው እንደ ተራ የተኩስ ጌም ስለሚያየው ይበልጥ ይበድሉታል። ሚሽኑ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው ውጭ ናችሁ። አትንቀሳቀሱ። ቢኖኩላሩን አውጡ፣ ማማዎቹን ቁጠሩ፣ የትኛው ላይ ተኳሽ እንዳለ ያዙ፤ ከዚያ የሳተላይት ካርታውን ክፈቱና የጠባቂዎቹን ዙር ተመልከቱ። ካርታውን እያያችሁ ጊዜው አይቆምም፣ ስለዚህ ከግድግዳ ወይም ከኮረብታ ጀርባ ሆናችሁ። ማማው መጀመሪያ፣ ካሜራው ሁለተኛ፣ ሰፈሩ መጨረሻ። ካሜራዎቹን ከኮምፒውተር ማጥፋት የሚቻልባቸው ሚሽኖች ላይ ያን ኮምፒውተር ሳታገኙ ወደ መሃል አትግቡ። ድምፅ የሌለው መሣሪያ ኤምፒ5 ኤስዲ ነው፤ እሱ እጃችሁ ላይ እያለ በኤኬ መተኮስ ግቢውን ሙሉ መጥራት ነው። አላርም ከጮኸ ከወታደሮቹ መኖሪያ እየተተካ ይወጣል፣ ገድላችሁ አትጨርሱትም። ሜዳ ላይ አትከራከሩ፤ አንድ በር ብቻ ያለው ክፍል ፈልጋችሁ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ፣ አላርሙንም አጥፉ።

በስፕሊንተር ሴል የመጀመሪያው ላይ በብዙ ሚሽኖች 3 አላርም ጨዋታውን ያበቃዋል። በ2005ቱ «ኬዮስ ቲዮሪ» አያበቃውም፣ ግን አላርም በጮኸ ቁጥር ጠባቂዎቹ ጥይት መከላከያና የራስ ቁር እየለበሱ ይከብዳሉ። እሱ ጌም ላይ ከብርሃኑ መለኪያ ጎን የድምፅ መለኪያ አለ፤ የአካባቢው ጩኸት የቱ ድረስ እንደሆነ ምልክት ያሳያል። የእናንተ ከምልክቱ በታች እስከሆነ ድረስ ጀነሬተር አጠገብ በፍጥነት መሄድ ትችላላችሁ፣ ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን አትችሉም። በሽጉጡ ላይ ያለው ኦሲፒ የሚባለው መብራት የሚያውክ መሣሪያ አምፖሉን ሳይሰብር ለጥቂት ሰከንድ ያጠፋዋል፤ የተሰበረ አምፖል ጠባቂን ያስጠራል፣ ብልጭ ድርግም ያለ ግን ብዙ አያሳስበውም።

ሂትማን 2 (2002) የሴቭ ብዛቱ በደረጃው ነው፦ ኖርማል 7፣ ኤክስፐርት 2፣ ፕሮፌሽናል ዜሮ። ስለዚህ ሴቩ የሚቀመጠው ልብስ ከቀየራችሁ (የሌላ ሰው ልብስ ለብሳችሁ ከተመሳሰላችሁ) በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም። የወታደር ልብስ ለብሳችሁ አትሩጡ፣ ከልብሱ ጋር የማይሄድ መሣሪያም በእጃችሁ አይታይ፤ መኮንኖች አጠገብም አትቁሙ። ኮማንዶስ ላይ ደግሞ አንዲት ሕግ ብቻ ያዙ፦ የጠባቂው የዕይታ ክልል ሁለት አረንጓዴ ነው፣ በሩቁ ጠቆር ባለው ውስጥ በደረት ከተሳባችሁ አያያችሁም፣ በቅርቡ ውስጥ ግን ተሳቡም ቁሙም ያያችኋል።

ለጌም ቤት ባለቤቶች አንድ ጥያቄ አለን። እነዚህን ጌሞች በሰዓት ማስከፈል ተጫዋቹን ያስቸኩለዋል፤ ጠባቂው ዙሩን እስኪጨርስ ጥላ ውስጥ መጠበቅ ገንዘብ የሚያስከፍል ከሆነ ማን ይጠብቃል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ አላርሙም ጮኸ፣ ልጁም ጌሙን ጠላው። በሚሽን አስከፍሉ። የሚቻል ከሆነም ከበሩ የራቀውን፣ ማዕዘን ላይ ያለውን አንድ ማሽን ለዚህ መድቡት፤ ጥሩ ሄድፎንና ዋናውን ጆይስቲክ እሱ ላይ አኑሩ። ለጀማሪ የሚከፈተው ሜታል ጊር ሶሊድ ይሁን፣ ራዳሩ ይመራዋል። ቲፍ ሁለተኛ። አይ ጂ አይ፣ ሴቭ ስለሌለው፣ ሁለቱን ለጨረሰ።

ከአክብሮት ጋር
የጌም ቤት ሠራተኞችና ጠጋኞች
አዳማ